«ሳየው ይገባኛል፣ ስሠራው ይጠፋብኛል»

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 22 ነው፤ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። 12ኛ ክፍልን ከጨረስኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ከፍላልኝ አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ በኦንላይን የሚሰጠውን የመግቢያ ፊዚክስ እየተማርኩ ነው፤ ካልኩለስ የሌለበትን። ኮርሱ 15 ሳምንት ነው፣ አሁን 5ኛው ላይ ነኝ። ቪዲዮውን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አያለሁ፤ ሳየው ይገባኛል። የቤት ሥራውን ስከፍት ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋብኛል፣ መልሴም ቀይ በቀይ ነው። በመጀመሪያው ፈተና 41 ከ100 አገኘሁ። ፈተናዎቹ ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከመቶው 20 ይይዛሉ፤ የቤት ሥራ 25፣ ላብ (የላቦራቶሪ ሥራ) 15። ለላቡ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ፔንዱለም ሠርታችሁ ሪፖርት አስገቡ ተብለናል፤ እኔ ጋ ምንም ዕቃ የለም። የአክስቴን ገንዘብ ከማባክን ባቋርጠው አይሻልም ወይ?»

መልስ፦ እህታችን፣ አሁን አታቋርጪ። ይህን የምንልሽ ልናጽናናሽ ብለን አይደለም፤ ሒሳቡ ገና ስላልተዘጋ ነው። ከዚያ ፈተና 8.2 ነጥብ ይዘሻል፣ ያመለጠሽ 11.8 ነው። ያለፉትን ቀያዮች ጨምሮ ከቤት ሥራው በስተመጨረሻ 80 በመቶ ብታገኚ 20 ነጥብ ይሆናል፤ ከላቡ 90 በመቶ ብታገኚ 13.5። እስከዚህ ድምሩ 41.7 ነው። ኮሌጆች ኮርስ ሲያዛውሩ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሲ ነው፤ ሲ በአንቺም ኮሌጅ 70 ከሆነ 28.3 ይቀርሻል፤ ከሁለቱ ፈተናዎች በአማካይ 71 ማለት ነው። ከባድ ነው፣ ግን የማይሆን አይደለም።

ማቋረጡን የምታስቢበት ጊዜ ሁለተኛው ፈተና ሲያልቅ ነው። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ኮርስ በ«ደብልዩ» (በውጤት ፈንታ «አቋርጧል» የሚል ምልክት ተጽፎ) የሚወጣበት የመጨረሻ ቀን ከተርሙ 60 በመቶ አካባቢ ይውላል፤ በ15 ሳምንት ኮርስ 9ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ትክክለኛውን ቀን ከኮሌጁ የትምህርት ካሌንደር ላይ ዛሬውኑ ፈልጊና ጻፊው፤ አስተማሪሽንም የሁለተኛው ፈተና ውጤት ከዚያ ቀን በፊት ይደርስ እንደሆነ ጠይቂ። በዚያ ፈተና 55 ብታመጪ በመጨረሻው 87 ያስፈልግሻል፤ ያኔ ደብልዩ ይሻላል፣ አማካይ ውጤትሽን አይነካምና። የአክስትሽን ገንዘብ በተመለከተ ግን እውነቱን እንንገርሽ፦ በ5ኛው ሳምንት ማቋረጥ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አያስመልስም። የተከፈለው ተከፍሏል፤ ከእንግዲህ የምታስቢው ውጤቱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አያለሁ» ያልሽው ነው ጊዜሽን የበላው። አስተማሪው ቦርድ ላይ ሲሠራ የትኛው ሕግ እንደሚያስፈልግ፣ አክሲሱን (አቅጣጫ የሚለካበትን መስመር) በየት በኩል እንደሚያዞር፣ ምልክቱ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ የሚወስነው እሱ ነው። አንቺ የምታዪው የውሳኔውን ውጤት ነው፤ ውጤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ምክንያታዊ ስለሚመስል ይገባሻል። የቤት ሥራውም ፈተናውም የሚጠይቁት ግን ውሳኔውን ራሱን ነው። መንዝ ውስጥ እናቱ የበግ ፀጉር ስትፈትል እያየ ያደገ ሁሉ እንዝርት ሰጥተውት ክሩ እንደሚበጠስበት ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ሰዓቱን ገልብጪው። በኮሌጅ የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት በሳምንት ከክፍል ውጪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ኮርስሽ 4 ክሬዲት ከሆነ እስከ 12 ሰዓት። ከዚህ ውስጥ ለቪዲዮ ከ3 ሰዓት በላይ አትስጪ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እዪው፣ አስተማሪው ጥያቄውን አንብቦ ሲጨርስ አቁሚውና መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ። 5 ደቂቃ ታግለሽ ባይሆንም ግድ የለም፣ ቀጥሎ የምትሰሚው የጎደለሽን ስለሆነ ይያዝልሻል። ከዚያ ዝጊውና ያንኑ ምሳሌ በባዶ ወረቀት ላይ ከጥያቄው ጀምረሽ ሥሪው። የቀረው ሰዓት የእርሳስ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የተሳሳትሽውን ጥያቄ መልሱን ሳታዪ እንደገና ሥሪ። ብዙው ተማሪ የሚዘልላት ይህቺን ነው፤ ፈተና ላይ ለውጥ የምታመጣውም ይህቺው ናት።

አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራና ስህተት የት የት እንደሚደበቅ እንይ። 50 ኪሎ የገብስ ጆንያ በ3 ሜትር ሳንቃ ላይ እየተገፋ አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ የመኪናው ወለል ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ይላል። በጆንያውና በሳንቃው መካከል የፍሪክሽን (የሰበቃ) ኮኤፊሸንቱ 0.3 ነው። ጆንያውን በማይለዋወጥ ፍጥነት ከሳንቃው ጋር ትይዩ ለመግፋት ስንት ኒውተን ያስፈልጋል?

ቁጥር ከመንካትሽ በፊት ፍሪ ቦዲ ዲያግራም፣ ማለትም ጆንያው ላይ የሚያርፉትን ፎርሶች (ኃይሎች) በቀስት የሚያሳይ ሥዕል፣ ሳዪ። ጆንያው አንድ ነጥብ ይሁን። ከነጥቡ የሚወጡት ቀስቶች አራት ናቸው፦ ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ኖርማል ፎርሱ (ሳንቃው ጆንያውን የሚደግፍበት) ለሳንቃው ቀጥ ብሎ (በቀጥታ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሳንቃው የታችኛው ጫፍ በኩል ዘንበል ብሎ)፣ የገፊው ፎርስ በሳንቃው ወደ ላይ፣ ፍሪክሽን በሳንቃው ወደ ታች። እያንዳንዱን ቀስት «ይህን የሚያሳርፈው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ክብደትን መሬት፣ ኖርማልንና ፍሪክሽንን ሳንቃው፣ ግፊቱን ሰውየው። ባለቤት ያልተገኘለት ቀስት ይሰረዛል። ጀማሪዎች «ወደ ላይ ስለሚሄድ» ብለው አምስተኛ ቀስት ይጨምራሉ፤ እንቅስቃሴ ፎርስ አይደለም። «ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን» የሚለውንም እንደ ቀስት የሚስሉ አሉ፤ እሱ የቀስቶቹ ድምር ውጤት እንጂ ራሱን የቻለ ፎርስ አይደለም።

ቀጥሎ አክሲስ። አንዱን በሳንቃው አቅጣጫ፣ ሌላውን ለሳንቃው ቀጥ ያለ አድርጊ፤ ያኔ መከፋፈል ያለበት ቀስት ክብደቱ ብቻ ይሆናል። ማዕዘኑን መፈለግ እንኳን አያስፈልግሽም፦ ሳይኑ 1.2 ሲካፈል ለ3፣ ማለትም 0.4 ነው፤ ኮሳይኑ የ0.84 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 0.9165። ክብደቱ 50 ሲባዛ በ9.8፣ 490 ኒውተን። በሳንቃው ወደ ታች የሚጎትተው 490 × 0.4 = 196። ኖርማሉ 490 × 0.9165 = 449። ፍሪክሽኑ 0.3 × 449 = 134.7። ፍጥነቱ ስለማይለዋወጥ አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ 196 + 134.7 = 330.7፣ በግምት 331 ኒውተን።

አሁን ጥያቄውን አንድ ቦታ ቀይሪው፦ ጆንያው በዚያው ሳንቃ ላይ ማንም ሳይዘው ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው፤ አክስለሬሽኑ ስንት ነው? ፍሪክሽኑ ዞሮ ወደ ላይ ሆነ። 196 − 134.7 = 61.3፤ ለ50 ሲካፈል 1.23 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ቀስቱን ማዞር የረሳች 6.6 ታገኛለች። የቤት ሥራሽ ላይ ቀይ ሲሆን መልስሽ ከዚህ ዓይነቱ «የሚታወቅ ስህተት» የትኛው እንደሆነ መለየት ልመጂ፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ከመዝለል 10 እጥፍ ይጠቅማል። ሳይንና ኮሳይን ተቀያየረብሽ? ሳንቃው ጨርሶ መሬት ላይ ተኛ ብለሽ አስቢ፤ ማዕዘኑ ዜሮ ሲሆን ወደ ታች የሚጎትተው ክፍል መጥፋት አለበት፣ የዜሮ ሳይን ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ሳይን የሱ ነው። ኖርማሉን 490 አድርገሽው ከሆነ ደግሞ ሜዳ ላይ ያለ ዕቃ መስሎሻል።

ለዚህ ሥራ አንድ ደብተር ለይ። ስህተቱን ስትመዘግቢ «አልገባኝም» ብለሽ አትጻፊ፤ ምልክት፣ ዩኒት፣ ሳይንና ኮሳይን፣ የተሳሳተ ሕግ፣ የካልኩሌተር ስህተት ብለሽ በዓይነቱ ጻፊው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ዓይነት ከሌሎቹ በዝቶ ታገኚዋለሽ፣ የምትለማመጂውም እሱን ይሆናል።

ከቀያዮቹ የተወሰኑት ፊዚክስ ባለማወቅ የመጡ አይደሉም ብለን እንጠረጥራለን። ለማትሪክ ስትዘጋጂ የስበት አክስለሬሽንን 10 ማድረግ ለምደሻል። ኮርሱ 9.8 ወይም 9.81 ይጠቀማል፤ ልዩነቱ 2 በመቶ ነው። መልስ የሚያርመው ኮምፒዩተር 1 በመቶ ብቻ የሚታገሥ ከሆነ ዘዴሽ እንከን የለሽ ሆኖ መልስሽ ቀይ ይሆናል። በመሐል ቁጥር ማጠጋጋትም እንዲሁ ነው፤ ኮሳይኑን 0.9 ብለሽ ከቆረጥሽ፣ 10ንም ከጨመርሽበት 331 የነበረው 335 ይሆናል። በመሐል ያሉትን ቢያንስ አራት አሃዝ ያዢ፣ የምታጠጋጊው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ካልኩሌተርሽን ደግሞ ከእያንዳንዱ የሥራ ጊዜ በፊት የ30ን ሳይን ጠይቂው። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው። −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው፤ በዚህ ሁኔታ የጆንያውን 23.6 ዲግሪ ብታስገቢ −0.999 ይሰጥሽና ጆንያው በ490 ኒውተን ወደ ሰማይ ይጎተታል። የ10 ፓወር ስታስገቢም ተጠንቀቂ፦ 10⁵ን «10» ብለሽ የኤክስፕ ቁልፉን ተጭነሽ «5» ካልሽ የተጻፈው 10⁶ ነው፤ «1» ብለሽ ነው የምትጀምሪው።

ከ12ኛ በኋላ አራት ዓመት ማለፉ የሚጎዳሽ በሒሳቡ በኩል ነው፤ ግን የሚያስፈልግሽ የ12ኛ ሒሳብ ሁሉ አይደለም። ፎርሙላ ውስጥ የተደበቀን አንድ ያልታወቀ ለብቻው ማውጣት፣ የቀጥተኛ ማዕዘን ትሪያንግል ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት፣ ሁለት ያልታወቁ ያሏቸው ሁለት እኩልታዎች፣ የ10 ፓወር አጻጻፍ። የቀድሞ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍሽ ይበቃል። በቀን 30 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ስጪው። ቁጥር ከማስገባትሽ በፊት ፎርሙላውን በፊደል ጨርሰሽ ማውጣትንም ልመጂ፤ ስህተት ሲኖር የት እንዳለ የሚታየው ያኔ ነው።

ላቡ ያስፈራሽ በከንቱ ነው። የሚያስፈልግሽ 1.2 ሜትር ገደማ ቀጭን የማይለጠጥ ክር፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና የስልክሽ ስቶፕዎች ነው። ርዝመቱ የሚለካው ከምስማሩ እስከ ጓጉንቸሩ መሐል እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም። 1 ሜትር ሲሆን ወደ ጎን ከ17 ሳንቲ ሜትር በላይ አትሳቢው፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲወዛወዝ ቀላሉ ፎርሙላ ቀስ በቀስ ይዛባል። ቀጥ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ «ዜሮ» ብለሽ ጀምሪ፣ ሄዶ መልሶ በዚያው አቅጣጫ ሲያልፍ «አንድ»፣ እስከ 20። መጀመሪያ ላይ «አንድ» ብለሽ የጀመርሽ እንደሆነ የቆጠርሽው 19 ነው፤ የስበት አክስለሬሽንሽም 10.8 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ሪፖርት ላይ 10.8 ያየ አስተማሪ ምን እንደተሳሳትሽ ወዲያው ያውቃል።

ለ20 ውዝዋዜ የምትጠብቂው ይህ ነው፦ በ40 ሳንቲ ሜትር 25.4 ሰከንድ፣ በ60 31.1፣ በ80 36.0፣ በ1 ሜትር 40.2። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለኪ። ከዚያ የፔሬዱን (አንድ ውዝዋዜ የሚፈጅበትን ጊዜ) ስኩዌር በቁም፣ ርዝመቱን በአግድም አድርገሽ ግራፍ ሳዪ፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ስሎፑም (የመስመሩ ቁልቁለት መጠን) 4.04 አካባቢ። 39.48ን (4 ሲባዛ በፓይ ስኩዌር) ለስሎፑ ስታካፍዪ የስበት አክስለሬሽኑ ይወጣል። ከአንድ ልኬት ይልቅ ግራፉ የሚመረጥበት ምክንያት አለው፦ የጓጉንቸሩን መሐል 3 ሳንቲ ሜትር ብትስቺ እንኳ መስመሩ ዜሮን ሳይነካ ያልፋል እንጂ ስሎፑ አይለወጥም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር «የስህተት ምንጮች» የሚለው ክፍል ውስጥ ጻፊው፤ «የሰው ስህተት» ብሎ ከመጻፍ በብዙ ይሻላል።

እግረ መንገዳችንን፣ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነው። ሁለቱም ስበቱን ይቀንሱታል፤ እናንተ ጋ ትክክለኛው ዋጋ 9.77 ገደማ እንጂ 9.81 አይደለም። በስልክ ስቶፕዎች የእጅ መዘግየት 0.3 ሰከንድ ቢሆን ውጤቱ 1.5 በመቶ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ልዩነቱን በዚህ ዕቃ ለማየት አትችዪም፤ ነገር ግን ውጤትሽን የምታወዳድሪው ከ9.77 ጋር እንደሆነና ለምን እንደሆነ መጻፍ ትችያለሽ። በኋላ ሙቀት ላይ ስትደርሱም ውኃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚለው እናንተ ጋ 90 አካባቢ መሆኑን አትርሺ።

ኔትወርክን በሚመለከት አጭር ነው። ቪዲዮውን ሌሊት በ360 ጥራት አውርጂ፤ የቦርድ ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃል። የኮርስሽን መጽሐፍ መግዛት ካልቻልሽ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ኦፕንስታክስ ነጻ የኮሌጅ ፊዚክስ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ይሰጣል፤ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት የሚባሉት ሲሙሌሽኖችም ወርደው ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ፍሪክሽንን እዚያ ታገኚያለሽ። መልስ የሚሰጡትን ቻትቦቶች በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የኮሌጁን ደንብ አንብቢ፤ ከተፈቀደም ራስሽ የሠራሽውን አስገብተሽ «ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብለሽ ብቻ ጠይቂ። መፍትሔውን ሙሉ የሚጽፍልሽ ከሆነ ሌላ ቪዲዮ ሆነብሽ ማለት ነው።

አስተማሪሽን ስትጽፊለት «አልገባኝም» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ «ቪዲዮውን ድገሚው» የሚል መልስ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ አይጠቅምሽም። የጥያቄውን ቁጥር፣ የዲያግራምሽን ፎቶና የቆምሽበትን መስመር ላኪ፦ «እስከ ኖርማሉ ድረስ ሠርቻለሁ፣ ፍሪክሽኑ ወደ የት እንደሚሆን እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል። እንዲህ ያለው ጥያቄ በሁለት መስመር ይመለሳል፣ አስተማሪውም ፊት እየሰጠሽ ይሄዳል።

የማስረከቢያ ሰዓቱንም አጣሪ። ኮሌጁ በምሥራቅ አሜሪካ ከሆነና ቀነ ገደቡ በነሱ አቆጣጠር እሑድ ሌሊት 11:59 ከሆነ፣ እኛ ጋ በነሱ ክረምት ሰኞ ጠዋት ለ2 ሰዓት 1 ደቂቃ ሲቀረው ነው። በመጋቢት መግቢያ አካባቢ እነሱ ሰዓታቸውን ሲያስቀድሙ ግን ለ1 ሰዓት 1 ደቂቃ ሲቀረው ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ሳታውቂው ይወሰድብሻል። እሑድ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ላኪው፣ ጠዋት መብራት እንደሚኖር ማን ዋስ ይሆናል።

ለፈተናው ካሜራና ያልተቋረጠ መስመር የሚጠየቅ ከሆነ፣ በዋዜማው ደብረ ብርሃን ወርደሽ ዘመድ ቤት ወይም የተሻለ መስመር ባለበት ቦታ መፈተኑን አስቢበት። መብራትና ኔትወርክ ሊቋረጥ እንደሚችል ለአስተማሪሽ አስቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ከተቋረጠ በኋላ የሚጻፈው ሰበብ ይመስላል፣ ከሳምንት በፊት የተጻፈው ግን ማስረጃ ነው። ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ ስልክሽ ላይም ለሆትስፖት የሚሆን ዳታ ይኑር፤ ከተቋረጠም ስክሪኑን ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሺውና ወዲያው ላኪለት።